«ደም አንሶታል» ሲባል እሰይ የሚባልበት ጊዜ

ከሦስት ወር በፊት ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ መቼም ለደግ አይሆንም ብዬ ልቤ ዘለለ። ሜሪላንድ የሚኖር የድሮ ተማሪዬ ነው፤ እዚያ ገና መምሸቱ ነው።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ እንደተኙ አውቃለሁ። የእማዬ የኤምአርአይ ውጤት መጣ። ዕጢው የነበረበት ቦታ ሰፍቷል ይላል። ከሥሩ ደግሞ የደም ፍሰቱ ዝቅተኛ ነው ይላል። ሰፍቶ፣ በዚያ ላይ ደም አንሶት... አለቀላት ማለት ነው?»

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን እዚህ የምትከታተሉኝ ሁሉ ታውቃላችሁ። ልጁም ያውቃል። ግን ሐኪሞቿ የነገሩትን በእንግሊዝኛ ሰምቶ ጭንቅላቱ ገባው እንጂ ልቡ አልገባውም። በእኛ አፍ «ደም አነሰ» ማለት በሽታ ነው። ቀይ ሥር ብላ፣ ጉበት ብላ የሚባልለት ነገር ነው። «ደም አንሶታል» የሚለውን ቃል ከአንጎል ዕጢ ጋር ደርበህ ስትሰማው እንዴት የምሥራች ሊሆን ይችላል?

ሊሆን ይችላል። ያን ሌሊት በአጭሩ ነገርኩት፤ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። የሰው ልጅ በሕያው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለውን የደም መጠን አይቶ «ይህ ሕክምና እየሠራ ነው፣ ይህ አይደለም» ለማለት የበቃው በምን መንገድ ነው? ታሪኩ የመቶ ዓመት ታሪክ ነው፤ ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ ያልተጠበቀ መታጠፊያ አለው። ከልጁና ከእናቱ ፈቃድ አግኝቼ ነው የምጽፈው። ረጅም ነው፤ ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ መርከበኛ ልጀምር። በሕክምና ጽሑፍ ላይ ስሙ ዋልተር ኬ. ተብሎ ብቻ ነው የተጻፈው። የ26 ዓመት ወጣት ነው። ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑ እየደከመ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጭንቅላቱ ኋላ በኩል የማያቋርጥ ድምፅ ይሰማዋል፤ ሹሽሽ የሚል፣ ከልቡ ምት ጋር አብሮ የሚሄድ። ቦስተን፣ ፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል መጣ። የቀዶ ሕክምናው ሰው ሃርቪ ኩሺንግ ነበር፤ የዘመናዊ የአንጎል ቀዶ ሕክምና አባት የሚባለው። ኩሺንግ ከፈተው፤ ያገኘው የተወሳሰበ የደም ሥር ጥቅልል ነው። ቢነካው ልጁ ደሙ ፈስሶ ያልቃል። ሊያወጣው አልቻለምና መልሶ ዘጋው፤ ግን ከአጥንቱ የተነሣው ክፍል ክፍት ቀረ።

ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዋልተር ኬ. «ዓይኔን ስጠቀም ድምፁ ይጨምራል» ይላል። ጆን ፉልተን የተባለ ወጣት ሐኪም ይህን ነገር ንቆ አላለፈውም። አጥንት በሌለበት ቦታ ላይ አድምጦ፣ ድምፁንም በመሣሪያ ቀርጾ መረመረው። ሰውየው ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይኑን አሳርፎ ሲቆይ ድምፁ ይቀንሳል፤ ድንገት ማንበብ ሲጀምር ይጨምራል። ትንባሆ ወይም ቫኒላ ሲያሸት ለውጥ የለም። ሩቅ ያለ የሰዓት ቀጭ ቀጭታ ለመስማት ሲጥርም ለውጥ የለም። ዓይን ብቻ! ፉልተን ይህን በ1928 «ብሬን» በተባለው መጽሔት ላይ አወጣው። ከዚያ በፊት በ1890 ሮይና ሼሪንግተን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን አንጎል እንደ ሥራው መጠን ደሙን ራሱ እንደሚመጥን በእንስሳት ላይ ሠርተው ጽፈው ነበር። በሰው ላይ በጆሮ የተሰማው ግን በዚህ መርከበኛ ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ስወደው! አንድ በሽተኛ ስለ ራሱ የተናገረውን የሚሰማ ሐኪም ተገኘ፤ በቃ። ስንት በሽተኛ ነው «ዶክተር፣ እንዲህ ሳደርግ እንዲህ ይለኛል» ሲል «እሺ እሺ» ተብሎ የሚታለፈው?

በዚያው ሰሞን ሊዝበን ላይ ፖርቱጋላዊው ኤጋሽ ሞኒዝ ሌላ ነገር እየሞከረ ነበር። አንገት ላይ ባለው ትልቁ የደም ቧንቧ ውስጥ ራጅ የማያሳልፍ ፈሳሽ ጨምሮ ወዲያው ፎቶ ማንሣት። መጀመሪያ በሞከረው ፈሳሽ አንድ በሽተኛ ሞቶበታል። በ1927 ሰኔ ወር ላይ ግን ተሳካለት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕያው ሰው አንጎል የደም ሥሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በራጅ ላይ ታዩ። ዕጢ ያለበት ቦታ ላይ ቅርንጫፎቹ ተገፍተው ይታያሉ፤ አንዳንዱ ዕጢ ደግሞ ራሱ ፈሳሹን ጠጥቶ እንደ ደመና ይቀላል። ዕጢ የራሱን ደም ሥር እንደሚያበጅ በዓይን የታየው ያኔ ነው። (በነገራችን ላይ ሞኒዝ በ1949 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ አይደለም። የአእምሮ ሕመምተኞችን የፊት አንጎል በመቁረጥ ሕክምና ነው፤ ብዙ ሰው ያሽመደመደ ሕክምና። ሽልማት አንዳንዴ በር ይሳሳታል።)

ግን ሞኒዝ ያየው ቧንቧውን ነው። ቧንቧ ማየትና በቧንቧው ስንት ውኃ እንደሚያልፍ ማወቅ ለየቅል ነው። ይህን የአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ቧንቧው ግቢያችን አለ፣ ውኃው ግን...

መጠኑን የለካው ሲሞር ኬቲ ነው። ፊላዴልፊያ፣ ፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከካርል ሽሚት ጋር፣ በ1940ዎቹ። ዘዴው የተመሠረተው አዶልፍ ፊክ በ1870 ባወጣው ሐሳብ ላይ ነው፤ እኔም በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ በቦይ ውኃ ምሳሌ ያስተማርኩት ነገር ነው። አንድ ቦይ ላይ ቀለም ብትጨምሩ፣ ወደ ማሳው ሲገባ ስንት ቀለም እንደነበረ፣ ከማሳው ሲወጣ ስንት እንደቀረ፣ ማሳው ስንቱን እንደጠጣ ካወቃችሁ፣ ስንት ውኃ እንዳለፈ በሒሳብ ታገኙታላችሁ። ኬቲ በቀለም ፋንታ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በጎ ፈቃደኞችን ለአሥር ደቂቃ ያህል በትንሽ መጠን አስተነፈሰ፤ ወደ አንጎል ከሚገባው ደምና ከአንጎል ተመልሶ ከሚወርደው ደም ናሙና እየወሰደ አነጻጸረ። በ1948 ባወጡት ጽሑፍ ጤናማ ወጣቶች ላይ ያገኙት ቁጥር ለእያንዳንዱ 100 ግራም አንጎል በደቂቃ 54 ሚሊ ሊትር ነው። አንጎላችን 1400 ግራም ቢሆን በደቂቃ ሦስት ሩብ ሊትር ማለት ነው። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ በየደቂቃው፣ ቀንም ሌሊትም፣ ተኝታችሁም።

የኬቲ ዘዴ ጉድለቱ አንጎልን በሙሉ በአንድ ቁጥር ማጠቃለሉ ነው። ልክ «የክፍሉ አማካይ ውጤት 60 ነው» እንደማለት። 95 ያመጣችውም 20 ያመጣውም በውስጡ ጠፍተዋል። በ1955 ሶኮሎፍና ባልደረቦቹ ሰዎችን የቃል ሒሳብ እያሠሩ በዚሁ ዘዴ ለክተው የአንጎል ጠቅላላ የደም ፍሰት ምንም ለውጥ አላሳየም። (ተማሪዎቼ ይህን እንዳትጠቀሙበት! ሒሳብ ስትሠሩ አንጎላችሁ ሥራ ፈትቷል ማለት አይደለም፤ አማካዩ ሸፍኖት ነው።) ዕጢ ደግሞ የአንድ ቦታ ጉዳይ ነው። የፍራፍሬ ያህል ያለ ነገር ምን ያህል ደም እንደሚወስድ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው አማካይ ምን ያደርግለታል?

ከዚህ በኋላ ያለውን ጥቂት ዘመን ቶሎ ልለፈው። ስካንዲኔቪያ ውስጥ ላሰንና ኢንግቫር በጨረራማ ጋዝ በየቦታው መለካት ጀመሩ። በ1971 ጥቅምት 1 ቀን ለንደን አጠገብ፣ አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል፣ የጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ሲቲ ስካን የመጀመሪያዋን በሽተኛ አነሣ፤ የአንጎል ዕጢ የተጠረጠረባት ሴት ነበረች። ቀጥሎ ኤምአርአይ መጣ። በ1988 ጋዶሊኒየም የተባለው ብረት በመርፌ ለሚሰጥ የኤምአርአይ ማቅለሚያ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ፤ የልጁ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ነው። ጋዶሊኒየም ተወግቶ ዕጢው በኤምአርአይ ላይ ነጭ ሆኖ ሲበራ፣ የምናየው የደም ፍሰት አይደለም። የምናየው መንጠባጠብ ነው። የጤነኛ አንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ድርግም ያለ ነው፤ ማቅለሚያው አያልፍም። የዕጢው ሥሮች ግን እንደ አሮጌ ጣሪያ ያፈሳሉ፤ ማቅለሚያው ወጥቶ ይጠራቀማል፣ ቦታው ይበራል። ችግሩ ምንድን ነው? የሚያፈሰው ዕጢ ብቻ አይደለም። ጨረር ያቃጠለው ጤነኛ ቦታም ያፈሳል፣ ያብጣል፣ ይበራል። በፎቶው ላይ ሁለቱ መንታ ናቸው።

ወደ ቦስተን እንመለስ። (የዚህ ታሪክ ግማሹ እዚያች ከተማ ውስጥ ነው የተሠራው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።) በ1988 ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ውስጥ ቪልሪንገር፣ ሮዘንና ባልደረቦቻቸው በአይጦች ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ። ጋዶሊኒየሙ ድንገት፣ በአንድ ጊዜ ተወግቶ በአንጎል ውስጥ ገና በደም ሥሩ ውስጥ እያለ ሲያልፍ፣ ፎቶው አይበራም፤ ይጨልማል። ምክንያቱ ፊዚክስ ነው፣ ደስ የሚል ፊዚክስ። የኤምአርአይ ምልክት የሚመጣው በውኃ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች አንድ ላይ እርምጃ ጠብቀው ሲዞሩ ነው፤ እንደ ሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ። ጋዶሊኒየም የሞላው የደም ሥር በዙሪያው ያለውን መግነጢሳዊ ሜዳ ያዛባል፤ ሰልፈኞቹ እርምጃቸው ይበላሻል፣ ምልክቱ ይወድቃል። ማቅለሚያው አልፎ ሲሄድ መልሶ ይነሣል። በየአንድ ሁለት ሴኮንዱ ፎቶ ካነሣችሁ ያ የመውደቅና የመነሣት ጉድጓድ በግራፍ ይወጣል። ጉድጓዱ ጥልቅና ሰፊ በሆነ ቁጥር በዚያ ቦታ ያለው ደም ብዙ ነው። ያው የፊክ ቦይ፣ ያው የኬቲ ቀለም፤ አሁን ግን በየነጥቡ።

መጀመሪያ የተጠቀሙበት ለዕጢ አልነበረም። በ1991 ጃክ ቤሊቮ የሚባል ወጣት ተመራማሪ በዚሁ ዘዴ ሰዎችን አንዴ በጨለማ፣ አንዴ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን እያሳየ አንሥቶ፣ ከአንጎል ኋላ ያለው የዕይታ ክፍል ደሙ ሲጨምር በፎቶ አሳየ። «ሳይንስ» መጽሔት ሽፋኑ ላይ አወጣው። አያችሁ? የዋልተር ኬ. ድምፅ ነው፤ ከ63 ዓመት በኋላ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በጆሮ የተሰማው በዓይን ታየ። በማግስቱ ዓመት ግን መርፌ የማያስፈልገው ሌላ ዘዴ መጣና ለሐሳብ ጥናት ይህን ገፋው። የመርፌው ዘዴ ወዴት ይሂድ? ወደ ታመመው አንጎል ሄደ። በ1992 ደግሞ ዊሊያምስ፣ ዴትሬና ባልደረቦቻቸው የሰውየውን የራሱን ደም አንገቱ ላይ በመግነጢስ «ምልክት አድርጎ» ያለ ምንም መርፌ ፍሰቱን የመለካት ዘዴ አወጡ፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ዕጢውን ተመልከቱ። በ1971 ጁዳ ፎክማን የተባለ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም፣ እሱም የቦስተን ሰው፣ ዕጢ ያለ አዲስ የደም ሥር ሊያድግ አይችልም፤ ስለዚህ ሥሩን ብንዘጋበት በረሃብ ይሞታል ብሎ ጻፈ። ለብዙ ዓመት ብዙዎች ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ግን ሐሳቡ እውነት ከሆነ፣ ደሙ የበዛ ዕጢ ክፉው ዕጢ መሆን አለበት። በ1994 አሮነንና ባልደረቦቹ በ19 በሽተኞች ላይ ይህን በፎቶ አዩት፦ ክፉ ደረጃ ላይ ያለው የአንጎል ዕጢ የደም መጠኑም ከፍ ያለ ነው። ከዚያ ኒው ዮርክ ላይ ሜንግ ሎውና ባልደረቦቹ በ2003 አንድ ድንበር አሰመሩ፤ 1.75። የዕጢው የደም መጠን በተቃራኒው ወገን ካለው ጤነኛ ነጭ የአንጎል ክፍል ጋር ሲነጻጸር ከ1.75 እጥፍ በላይ ከሆነ፣ ተጠንቀቅ።

በ2008 ያወጡት ውጤት ግን እኔን ቁጭ ያደረገኝ ነው። 189 በሽተኞች። የደም መጠናቸው ከ1.75 በታች የነበረው፣ ዕጢው እንደገና እስኪያድግ የነበረው መካከለኛ ጊዜ 3585 ቀን። ከ1.75 በላይ የነበረው፣ 265 ቀን። አሥር ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረውና ዓመት ያልሞላው! ቢላ ሳይነካው፣ በደም ብቻ። እርግጥ ነው ክፉውም ለዘብ ያለውም ዕጢ አንድ ላይ ተደባልቆ የተቆጠረበት ነው፤ ደግሞም ቁጥሩ ይሳሳታል። ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ የሚባለው ዕጢ ለዘብ ያለ ሆኖ ሳለ በተፈጥሮው በጥቃቅን የደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ክፉ መስሎ ይታያል። ሆኖም ያኔ መልሱ ቀላል መሰለ፦ ደም በዛ፣ ክፉ፤ ደም አነሰ፣ ደግ።

በዚህ መሀል ሕክምናው ራሱ ተለወጠ። በ2005 ስቱፕና ባልደረቦቹ በ573 የግሊዮብላስቶማ በሽተኞች ላይ ጨረርን ከቴሞዞሎማይድ ኪኒን ጋር አንድ ላይ መስጠት ዕድሜን እንደሚያስረዝም አሳዩ። መካከለኛው ዕድሜ ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር። ትንሽ ይመስላል፤ ሁለት ዓመት የደረሱት ግን ከ10.4 ወደ 26.5 በመቶ አደጉ። ከዚያ ሐኪሞቹ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያዩ ጀመር። ጨረሩ ባለቀ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ፎቶው ይብሳል፤ ነጩ ቦታ ይሰፋል። «ዕጢው አደገ» ይባላል። ግን ከእነዚህ በሽተኞች አንዳንዶቹ ምንም ሌላ መድኃኒት ሳይሰጣቸው ፎቶው መልሶ ይሻሻላል። ያደገው ዕጢ አልነበረም፤ ሕክምናው የመታው ቦታ ቁስል ነበር። የውሸት እድገት ልንለው እንችላለን። በ2010 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ጨረሩ ካለቀ በ12 ሳምንት ውስጥ፣ ከጨረሩ ክልል ውጭ አዲስ ነገር ካልታየ ወይም በናሙና ካልተረጋገጠ፣ «አደገ» ብላችሁ አትፍረዱ አለ።

በ2010።

እኔ አንድ ባልደረባ ነበረኝ። ኬሚስትሪ ነበር የሚያስተምረው፤ በመምህራን ማረፊያ አንድ ጠረጴዛ ነበር የምንጋራው፣ ጠመኔ የምንበዳደር። ከዚያ መመሪያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የአንጎል ዕጢ ተገኘበት። ቤተ ዘመድ አዋጥቶ ውጭ አገር ሄዶ ጨረሩንም ኪኒኑንም ወሰደ። ጨረሩ ባለቀ በሰባተኛው ሳምንት የተነሣው ፎቶ «አድጓል» አለ። ኪኒኑ ቆመ። ገንዘቡም አልቆ ነበር፤ «እንግዲህ አገርህ ግባ» ተባለ፣ ገባ። እንደ እውነቱ አድጎ ሊሆን ይችላል፤ በብዙዎቹ የሚሆነው እሱ ነው። ግን የደም ፍሰት ፎቶ አልተነሣም፣ ቆይቶ የተደገመ ፎቶም የለም። ያን የውጤት ወረቀት እኔ ነበርኩ ያነበብኩለት። «ምን ይላል?» ሲለኝ «አድጓል ይላል» አልኩት። በሰባት ሳምንት። ስለ ደም ፍሰት ሥዕል ማንበብ የጀመርኩት እሱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሜሪላንድ ያለው ልጅ በዚያ ሌሊት ሲደውልልኝ መልሱን ያገኘሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ገባችሁ አይደል? ያበጠውና የሚበራው ቦታ ዕጢ ከሆነ የራሱን አዳዲስ የደም ሥር ዘርግቷል፤ የደም መጠኑ ከፍ ይላል። የጨረር ቁስል ከሆነ ግን ሥሮቹ ተጎድተው ደሙ ያንሳል። በተራው ፎቶ መንታ የነበሩት በደም ይለያያሉ። የልጁ እናት ጨረሯን ከጨረሰች ገና ስድስት ሳምንቷ ነበር። ሰፍቷል፤ ደሙ ግን ዝቅተኛ ነው። «ደም ያነሰው አንጎሏን አይደለም፣ ያበጠውን ቦታ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ሲያለቅስ ሰማሁት።

ጽሑፉ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን መታጠፊያ አለው ብያለሁ።

የፎክማን ሕልም መድኃኒት ሆኖ መጣ። ቤቫሲዙማብ፣ አቫስቲን የሚባለው፣ ዕጢው አዲስ የደም ሥር የሚጠራበትን መልእክተኛ የሚይዝ መድኃኒት። በ2009 አሜሪካ ውስጥ ለተመለሰ ግሊዮብላስቶማ ተፈቀደ። ፎቶው ተአምር ነበር፤ የሚበራው ቦታ በቀናት ውስጥ ይከስማል። ምክንያቱም ጣሪያው ማፍሰሱን አቆመ። በ2014 ሁለት ትልልቅ ጥናቶች በአንድ ቀን ወጡ። አንዱ 921፣ ሌላው 637 በሽተኞች። በአንደኛው መድኃኒቱን የወሰዱት መካከለኛ ዕድሜ 16.8 ወር፣ ያልወሰዱት 16.7። በሌላው 15.7 እና 16.1። ምንም! ፎቶው ዳነ፣ ሰውየው እንደነበረው ነው። እብጠት መቀነሱ በራሱ ራስ ምታትን ያስታግሳል፤ ያን አላቃልልም። ግን ዕድሜ አልጨመረም።

ታዲያ ደሙን ማሳነስ ደግ ከሆነ ለምን አልሠራም? እዚያው ቦስተን ራኬሽ ጄይን የሚባል ሳይንቲስት፣ በሙያው ኬሚካል መሐንዲስ የሆነ፣ ከ2001 ጀምሮ የተገላቢጦሹን ይል ነበር። የዕጢ ደም ሥር ብዙ ነው እንጂ አይሠራም። ጠማማ፣ የሚያፈስ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መገናኛን አስቡት፤ መኪናው ሞልቷል፣ የሚንቀሳቀስ የለም። የደም መጠን መብዛትና የደም መፍሰስ አንድ አይደሉም። እና ጄይን፣ መድኃኒቱ ትርፉን ሥር መልምሎ የቀረውን ቢያቃናው፣ ደሙ በደንብ ይፈሳል፤ ደም ከፈሰሰ ኦክስጅን ይደርሳል፣ የኬሞ መድኃኒቱም ይደርሳል አለ። ኦክስጅን የሌለው ዕጢ ለጨረር እንደማይበገር ደግሞ እንግሊዛዊው ሉዊስ ግሬይ በ1953 አሳይቷል።

ባቸለር፣ ሶረንሰንና ጄይን ሴዲራኒብ የተባለ ተመሳሳይ መድኃኒት እየሰጡ፣ በተደጋጋሚ የደም ፍሰት ፎቶ እያነሡ በሽተኞችን ተከታተሉ። በ2012 ዕጢው በተመለሰባቸው 30 በሽተኞች፣ በ2013 ደግሞ አዲስ በታወቀባቸው 40 በሽተኞች ላይ ያዩት አንድ ነው። መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ በዕጢው ውስጥ የደም ፍሰታቸው የጨመረው በሽተኞች ካልጨመረላቸው ይልቅ በወራት የሚቆጠር ዕድሜ አገኙ።

የጨመረው! ከ1994 ጀምሮ ስንት ወረቀት «ደም መብዛት ክፉ ነው» ሲል ኖሮ፣ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው በሽታ ላይ «ደም መጨመር ደግ ነው» ተባለ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሕክምና ሳይጀመር ሲታይ ደሙ ዕጢው ምን ያህል እንደገነባ ይነግረናል። ጨረሩ ባለቀ በጥቂት ሳምንት ሲታይ የበራው ነገር ዕጢ ነው ወይስ ቁስል የሚለውን ይነግረናል። የደም ሥርን በሚነካ መድኃኒት መሀል ሲታይ ደግሞ መንገዱ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል የሚለውን። ጥያቄው ሦስት ነው፣ ቁጥሩ አንድ። እኔ ብሆን ውጤቱ ላይ ካለው ቁጥር በፊት ቀኑን ነው የማየው፤ ከጨረሩ ስንት ሳምንት ሆነ፣ ምን መድኃኒት ላይ ናት፣ ካለፈው ፎቶ ጋር ሲተያይስ?

ሴዲራኒብ ራሱ በ2013 በ325 በሽተኞች ላይ በወጣው ጥናት ወድቋል። ያ የጥቂቶች ጥቅም በአማካዩ ውስጥ ጠፋ ይሆን? የኬቲ አማካይ እንደገና። እኔ እንደዚያ ብጠረጥርም 30 እና 40 ሰው ላይ ታይቶ የቀረ ነገር ማስረጃ ነው ብዬ አልከራከርም። መሣሪያውም ቢሆን ገና አንድ ቋንቋ አይናገርም። ማቅለሚያው ወደ ውጭ ሲያፈስ ሒሳቡን ያበላሸዋል፤ ለዚያ ማረሚያ ወጥቶለታል፣ ግን ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሆስፒታል 1.75 ያለው ሌላው ጋ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ለክፉ ደረጃ የአንጎል ዕጢ የጋራ የአነሣስ መመሪያ ላይ ስምምነት የታተመው በ2020 ነው። ስለዚህ ዘመዳችሁን የምታስታምሙ ካላችሁ፣ ከተቻለ ተከታታዩ ፎቶ በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው ማሽን ይነሣ። የድሮውንም ዲስክ አትጣሉ።

ያን ሌሊት ልጁን የጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር፤ «የሚቀጥለው ፎቶ መቼ ነው?» «ከስምንት ሳምንት በኋላ ነው አሉኝ። ኪኒኑን ትቀጥል ብለዋል።» አላቆሙትም። ይህን ስሰማ ያ የመምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ትዝ አለኝ።

ስምንቱ ሳምንት ያለፈው ወር ሞላ። ያበጠው ትንሽ ቀንሷል፤ የደም ፍሰቱ አሁንም ዝቅ ያለ ነው። በሽታው ግሊዮብላስቶማ ነው፤ ልጁም እኔም ምን እንደሆነ እናውቃለን፣ እናትየዋም ታውቃለች። በቀደም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ንግግሯ ትንሽ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንድ ቃል ይጠፋባታል፣ ግን ቁጣዋ አልጠፋም፤ «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ በሌሊት እየቀሰቀሰ እንዳስቸገረዎት ሰማሁ። ሁለተኛ አይደግመውም፣ ተናግሬዋለሁ።»

ቀጣዩ ፎቶ ጥር ላይ ነው። ስልኬን ድምፁን ከፍቼ ነው የምተኛው።